የደብራችን የወር ስጦታ ካርድ፦ የአንዲት ጡረተኛ ገንዘብ ያዥ ምዘና

የምመዝነው ድሬዳዋ ውስጥ የምገለገልበት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያዘጋጀውን የወር ስጦታ ካርድ ነው። ሰበካ ጉባኤው ይህን ካርድ ከተለመደው የአባልነት ክፍያ ለይቶ ነው ያወጣው። ገንዘቡ የደመወዝና የጧፍ አይደለም። በተለያየ ምክንያት ከበራችን ውጭ የቀሩ ምእመናንን ወደ ውስጥ ለማስገባት፣ ለችግረኞች ለመድረስ፣ ለሚመጡት ልጆች ደግሞ መጠባበቂያ ለማስቀመጥ ብቻ ይውላል። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ከዚህ በታች የምነቅፈው ነገር አለ፣ አገልጋዮቹም ስማቸው እንዲነሣ አይወዱም። እኔ የሥራ ዘመኔን በገንዘብ ያዥነት አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ብር ዛሬም ያስቆጣኛል፤ የእግዚአብሔር ገንዘብ ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

«ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ምን ያደርግላታል?» ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። ጥያቄያቸው መልስ ይገባዋል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ብዙዎቹ አድባራትና ገዳማት የሚተዳደሩት ከመሬትና ከቤት ኪራይ በሚያገኙት ገቢ ነበር። በዚያ ዓመት የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። መሬቱም ኪራዩም ሄደ። ደግነቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበት፣ ምእመኑም በአባልነት የሚያዋጣበት ሥርዓት የቆመው በዚህ ደንብ ነው። ዛሬ ቅዳሴ ሳይታጎል የሚውለው በሰው መዋጮ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይሁን እንጂ የአጥቢያ ገቢ በዓል ጠባቂ ነው። የንግሥ ዕለት ሙዳየ ምጽዋቱ ይሞላል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ለወራት ባዶውን ይሰነብታል። የእኛ አካባቢ ሰው ደግሞ ልቡ ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ዳገቱን በእግሩ የሚወጣው፣ ስእለቱን ለማስገባት የሚጋፋው ብዙ ነው። እኔም ተስዬ የደረሰልኝ ነኝ፤ ስለ ገብርኤል ክፉ አይወጣኝም። ነገር ግን ለቁልቢ ጃንጥላ የሚያስገባ ሰው የሰፈሩ ደብር ሲቸግረው ዞር ብሎ ሳያይ ይቀራል። በዓል የማይጠብቅ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ገቢ ያስፈልግ ነበር፤ ካርዱ የታሰበውም ለዚህ ነው።

ካርዱ ታጥፎ በነጠላ ጫፍ የሚቋጠር ትንሽ ጠንካራ ወረቀት ነው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ሣጥኖች አሉት፤ ከሥራቸው ለጳጉሜን አንዲት ጠባብ መስመር ተጨምራለች። የጳጉሜኗ መስመር በፈቃድ ብቻ ናት፤ በእርሷ የገባው ገንዘብ በቀጥታ ለዘመን መለወጫ የነዳያን ማዕድ ይውላል። የመዋጮው መጠን በካርዱ ላይ አልታተመም። ሰጪው እንደ አቅሙ ይሞላዋል፤ የምትመዘግበው ልጅም ምክንያቱን አትጠይቅም። ለመመዝገብ መታወቂያ የሌለው ሰው የንስሐ አባቱ ምስክርነት ይበቃዋል። ይህቺ ድንጋጌ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን በረንዳ ላይ የሚያድሩትን፣ ከገጠር መጥተው የቀበሌ ወረቀት ያላገኙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መዝገብ አስገብታለች።

ደረሰኙን በደንብ መርምሬዋለሁ። ተከታታይ ቁጥር አለው፤ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይጻፋል። አንዱ ለሰጪው ይሰጣል፣ ሁለተኛው ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ ሦስተኛው ከፓዱ ላይ ሳይነቀል ይቀራል። ገንዘቡ በፊደልም በአኃዝም ይጻፋል። የተሰረዘ ደረሰኝ ተቀድዶ አይጣልም፤ ሦስቱም ቅጂ «የተሰረዘ» ተብሎበት በቦታው ይቆያል። በብዙ መሥሪያ ቤት ያላየሁትን ጥንቃቄ እዚህ አይቻለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከፊቴ የተሰለፈው ታይዋን ገበያ ሸቀጥ በመሸከም የሚኖር ጎልማሳ ነበር። ከኪሱ 10 ብር አወጣ። መዝጋቢዋ ሙሉ ስሙን፣ ቀጥሎ የክርስትና ስሙን ጠየቀችው፤ «አሥር ብር» ብላ ጻፈች፣ ማኅተም መታችና በሁለት እጇ ሰጠችው። ሰውየው ደረሰኙን ቆሞ አነበበው።

«ስሜ መዝገቡ ላይ ገባ ማለት ነው?» አላት።

«ገብቷል፣ ወንድሜ። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራም ትመጣለህ፤ እጅህን አውጥተህ ትመርጣለህ» አለችው።

እኔ ለዚህ አሠራር ትልቁን ነጥብ የሰጠሁት እዚህ ላይ ነው። 10 ብር የሰጠውና 10 ሺህ ብር የሰጠው በጉባኤው እኩል አንድ ድምፅ አላቸው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታችን በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ ሰዎች እንዴት እንደሚሰጡ ሲመለከት ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጦ ያመሰገናት ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነበር። በጉባኤያችን ድምፅ በብር መጠን ቢለካ ኖሮ ይህን ወንጌል ለማንበብ ባፈርን።

ገንዘቡ ምን ሠራ? መጀመሪያ ያየሁት የዊልቸር መውጫውን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን በር ሦስት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በድምሩ 45 ሴንቲ ሜትር። ለጤነኛ እግር ምንም አይደለም። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ግን ሁለት ጎረምሶች ከነወንበሩ ካላነሡት በቀር ግድግዳ ነው። አንዳንዱ መሸከሙን አፍሮ ከግቢው ዛፍ ሥር ሆኖ በድምፅ ማጉያ ብቻ ያስቀድስ ነበር። መውጫው ሊሠራ ሲታሰብ ቦታ ለመቆጠብ ባጭሩ እንዲቀር የፈለጉ ነበሩ። የካርዱ ኮሚቴ አባል የሆነ፣ ራሱ በዊልቸር የሚሄድ ወንድማችን አልተስማማም። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል የሚለውን የተለመደ የአሠራር መለኪያ አምጥቶ አስረዳቸው፤ በዚያ ስሌት የእኛ በር 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገለገሉበት እንዲሆን የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ እንደሚያዝም አስታወሳቸው። በመጨረሻም በልኩ ተሠራ። ማንም ሳይገፋው በገዛ እጁ እያሽከረከረ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

የብረት መደገፊያውን የበየደው የገንደ ቆሬ ሰው ነው፤ ሙስሊም ጎረቤታችን። የብረቱን ዋጋ ተቀብሎ የእጁን አልቀበልም አለ። በከተማችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከድሬዳዋ ሕዝብ ሰባ በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ ሩቡ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር፤ በሠርግም በለቅሶም ተደጋግፈን ነው የምንኖረው። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሒሳብ ክፍሉ ያደረገው ነው፦ የሰውየውን ድካም በዓይነት እንደተሰጠ ስጦታ ገምቶ መዘገበው፤ የምስጋና ደብዳቤም በማኅተም ጻፈለት። የሰው ውለታ በቃል ብቻ እንዲቀር አላደረጉም።

በሩ ላይ ሌላ ነገር ተነሣ። ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፤ ታዲያ በመንገድ አቧራ የመጣ ጎማ እንዴት ይግባ? አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ቅር ብሏቸው ነበር። መፍትሔው ከመውጫው ጫፍ የተቀመጠ የውሃ ጀሪካንና ንጹሕ ጨርቅ ሆነ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በተራ ቆመው ጎማውን ጠርገው ያስገባሉ። መጀመሪያ ቅር ካላቸው ሽማግሌዎች አንዱ አጎንብሰው ጎማ ሲጠርጉ አየኋቸው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው መልካም ስፍራ ሰጥተው ድሀውን «ከእግሬ መረገጫ በታች ተቀመጥ» የሚሉትን ይወቅሳል። የጀሪካን ውሃና የጨርቅ ዋጋ ለዚያ ወቀሳ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይታየኛል።

ከመውጫው ይልቅ የከበደው መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ጉዳይ ነበር። ለስብከት አስተርጓሚ ማቆም ቀላል ነው፤ አንድ የምልክት ቋንቋ የሚችል ወጣት ከሰባኪው ጎን ይቆማል፣ እነርሱም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ይህን በሌላም ደብር አይቻለሁ። ንስሐስ? አንድ ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ሲነግር ሦስተኛ ሰው መሐል ገብቶ እጅ እያየ ሊተረጉም ነው? ስንት ዓመት ሙሉ እነዚህ ሰዎች ወይ ምስጢራቸውን ለአስተርጓሚ ገልጠው፣ ወይ ጭራሽ ሳይናዘዙ ከቅዱስ ቁርባን ርቀው ኖረዋል። መጻፍ የሚችሉት በወረቀት ይጽፉ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠሩት ያም አልነበራቸውም። ይህን ችግር ለጉባኤው ያቀረበችው መስማት የተሳናት አንዲት እናት ናት፤ ልጇ እየተረጎመላት «በልጄ አፍ ልናዘዝ?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ውስጥ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ከካርዱ ገንዘብ ተቆርሶ አንድ ቄስና ሁለት ዲያቆናት የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ የተወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቱ ጊዜ ወሰደ። ቄሱ ጎልማሳ ናቸው፣ ጣታቸው ቶሎ አልታዘዘላቸውም። አሁን ግን ያለ አስተርጓሚ ንስሐ ይቀበላሉ። ያቺ እናት በጾመ ፍልሰታ ማብቂያ ቆረበች። ለዚህ ሥራ የወጣው ገንዘብ ከአንድ ጉልላት መቀቢያ ያነሰ መሆኑን ከሪፖርቱ ላይ አነበብኩ። አጥቢያዎቻችን ለሕንፃ ሲሆን ሚሊዮን ለመሰብሰብ አይደክማቸውም፤ ለአንድ ቄስ ትምህርት ግን «በጀት የለም» ይላሉ። ቅድሚያችን ተዛብቷል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ጉልላት ጠልቼ አይደለም።

ስለ ቋንቋም ባጭሩ ልናገር። በዚያው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ኦሮሞ ነበር፤ ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ምእመናን ብዙዎቹ ስብከቱን በአማርኛ አይከተሉትም። አሁን በወር ሁለት እሑድ በአፋን ኦሮሞ ይሰበካል፤ የሰባኪው አበልና የመጓጓዣ ወጪ ከዚሁ ካርድ ይሸፈናል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዲያቆናት እንዴት እንደተመረጡ ሲተርክ መነሻው ቋንቋቸው የተለየ ምእመናን መበለቶቻችን በዕለት አገልግሎት ችላ ተባሉ ብለው ማጉረምረማቸው ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ክፍፍል አልቆጠሩትም፤ ሰው መደቡበት።

ለችግረኞች የሚሰጠው እርዳታ በሥርዓት ይሄዳል። እህልና የሕክምና ወጪ ይሰጣል፣ ፎቶግራፍ አይነሣም፣ ስም አይጠራም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ስለ መጠባበቂያው ግን ዝርዝር ልናገር። ከካርዱ ከሚገባው ከየ100 ብሩ 20ው ወደ ዝግ ሒሳብ ይሄዳል። ሒሳቡ የሚከፈተው የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበርና የሒሳብ ሹሙ ሦስቱም ሲፈርሙ፣ ያውም ጠቅላላ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ከወሰነ ብቻ ነው። «ለተራበ እየነፈጋችሁ ባንክ ታስቀምጣላችሁ» ያሉ ነበሩ፤ ክርክሩ ከልብ ነበር። እኔ ከመጠባበቂያው ጋር ነኝ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እዚሁ ነበርኩ። በማግሥቱ ልብሱንም ድስቱንም ያጣ ቤተሰብ በየግቢው ተኮልኩሎ ሳለ ደብራችን በካዝናው ያገኘው የሳምንት የዳቦ ወጪ እንኳ አልሆነም። ሰው ከቤቱ ያለውን እያወጣ ሰጠ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። የሰው ደግነት ግን የሚደርሰው ነግቶ ነው፤ ውሃው የመጣው ሌሊት ነበር። ልጆቻችን ሌላ ክፉ ቀን ቢገጥማቸው የሚከፍቱት ነገር ሊኖራቸው ይገባል።

አሁን ወደምነቅፈው ልለፍ። በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ አገልግሎቱ በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ወጣቱ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትቷል። ነገር ግን በስልክ የከፈለ ሰው ደረሰኙን ለማግኘት የግብይት ቁጥሩን ይዞ ቢሮ ድረስ መምጣት አለበት። ጅቡቲ የምትኖር የእህቴ ልጅ በየወሩ ለእኔ ልካ እኔ በስሟ አስገባለሁ፤ ደረሰኟ በእኔ እጅ እየተጠራቀመ ነው። ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ በስልክ መላክ ምን ይከብዳል?

የቢሮው ሰዓትም አይመችም። የድሬዳዋን ቀትር የሚያውቅ ሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ከቤቱ እንደማይወጣ ያውቃል፤ ቢሮው ደግሞ ጠዋት ዘግይቶ ይከፍትና ሰልፉ ፀሐይ ላይ ይውላል። አረጋውያን ሲንገላቱ አይቼ ለኃላፊው ነግሬያለሁ። ኪዳን እንዳበቃ ቢከፈት ይሻላል፤ ቢያንስ ዳስ ይጣልልን።

ከሁሉ የከፋብኝ የንግሥ ዕለት ጨረታ ነው። ካርዱ ያለ ድምፅ የሚሠራውን በጎ ነገር የድምፅ ማጉያው ያፈርሰዋል። «እከሌ ይህን ያህል ሺህ ሰጠ፣ የሚበልጠው ማን ነው?» ሲባል፣ ያ 10 ብር የሰጠው ወንድም ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ይሰማል። ጨረታው ገንዘብ ያመጣል፤ አልክድም። ነገር ግን ስጦታን ፉክክር ያደርገዋል፣ የሌለውንም ያሳፍራል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 9 እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ያለውን እየሰበክን በዚያው ግቢ ሰውን በአደባባይ መግፋት አይገባንም። ይህን ለጉባኤው በጽሑፍ አስገብቻለሁ።

ሪፖርቱ በየሩብ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ለወረዳና ለሀገረ ስብከት የሚሄደው ፈሰስ ሁሉ ተለይቶ። ማየት ለተሳናቸው ከስብከት በኋላ በድምፅ ይነበባል። በአፋን ኦሮሞ ግን አይቀርብም። ስብከቱን በቋንቋቸው እየሰጠናቸው ሒሳቡን በቋንቋቸው ካልሰጠናቸው በገንዘባቸው ላይ እኩል ባለቤት አላደረግናቸውም። የውጭ ኦዲተር በየዓመቱ መግባቱን ግን አመሰግናለሁ፤ የኦዲተሩ አስተያየትም ሳይቆረጥ ነው የሚለጠፈው።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የአንዱን ነጥብ ጉድለት የወሰዱት ጨረታውና የሪፖርቱ ቋንቋ ናቸው፤ የቢሮው ሰዓት በአንድ ስብሰባ የሚስተካከል ነው። በየትኛውም አጥቢያ ያላችሁ አንባቢዎች ተመሳሳይ ካርድ ለመጀመር ካሰባችሁ መጀመሪያ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ አሳትሙ፤ ከዚያ በኮሚቴው ውስጥ ገንዘቡ ለእነርሱ የሚወጣላቸው ሰዎች ራሳቸው እንዲቀመጡ አድርጉ። መውጫችን 5 ሜትር ከ40 የሆነው በዊልቸር የሚሄደው ወንድማችን እዚያ ስለነበረ ነው። ያንን ወንበር ባዶ ትታችሁ የምትሰበስቡት ገንዘብ ለሌላ ነገር ይውላል።